በግድግዳችን ላይ የተሳለችው ሮተርዳም

የአናጢ እርሳስ ጠፍጣፋ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት አይንከባለልም። ባለፈው ወር መሳቢያዬን ሳጸዳ እንዲህ ያለ ቀይ እርሳስ አገኘሁ። ከአውራ ጣቴ አይረዝምም፤ በአንድ ጎኑ የደረቀ ሰማያዊ ቀለም ተጣብቆበታል። ጠፍቷል ብዬ ከተውኩት ብዙ ዓመት ሆኖኝ ነበር። አፍንጫዬ ሥር ሳስጠጋው እርጥብ ልስን፣ የዘይት ቀለምና በቤት ማሞቂያ ራዲያተር ላይ የተሰጣ የትምህርት ቤት ሹራብ አንድ ላይ ሸተቱኝ። ሽታው ከእርሳሱ እንዳልመጣ አውቃለሁ።

ያደግሁት ለንደን፣ ኬንቲሽ ታውን፣ ካውንስሉ፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ በሚያከራየው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አባቴ በወጣትነቱ ሁለት ዓመት ሮተርዳም ንድፍ ተምሯል፤ ለንደን ውስጥ ግን መጋዘን ገብቶ ካርቶን ሲያሽግ ይውል ነበር። ከሥራ ሲመለስ እኔና ታናሽ እህቴ ሳምራዊት ከምንተኛበት አልጋ ጫፍ ላይ ይቀመጥና ስለ ሆላንድ ከተሞች ይነግረን ነበር። በዴልፍት ጠባብ የጡብ ቤቶች ከቦዩ ዳር ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው እንደሚቆሙ፣ በሮተርዳም አሮጌ ጀልባዎች ከታሰሩበት ወደብ ጥቂት እርምጃ አልፎ በአንድ እግር የቆሙ የሚመስሉ ዘንባላ ቢጫ ቤቶች እንዳሉ፣ አሮጌውና አዲሱ ሳይተፋፈሩ እንደሚኖሩ ይተርክ ነበር። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። መሬቱ ከባሕር ጠለል በታች ስለሆነ በየውሃው ዳር ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ተተክሏል፤ ሰዎቹም ውሃው የት እንደደረሰ በየቀኑ ያነባሉ።

«አባዬ፣ አንድ ቀን ማንበብ ቢረሱስ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አይረሱም» አለኝ።

በዚያው ዓመት ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ከሳምራዊት ትራስ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ከአንድ ሳንቲም የማትበልጥ ጥቁር የሻጋታ ነጥብ ወጣች። እኔ የዐሥር፣ እርሷ የአምስት ዓመት ልጆች ነበርን። የአባቴን ቀይ ጠፍጣፋ እርሳስ ወሰድኩ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጥቁረቱ የደረሰበትን ጠርዝ አሰምርና ቀኑን ከጎኑ እጽፍ ነበር። ለእኔ ጨዋታ ነበር፤ የሆላንድ ሰው መሆኔ ነበር። ዘጠነኛውን መስመር ባሰመርኩበት እሑድ ሳምራዊት ስትተነፍስ ከደረቷ ፉጨት ይሰማ ነበር። ሐኪሙም ቤቱ ካልደረቀ ወይም ልጅቷ ከዚያ ካልወጣች ሳንባዋ ለዘለቄታው እንደሚጎዳ ጽፎ ሰጠን።

ደብዳቤውን ያስነበብነው ታችኛው ፎቅ ለሚኖሩት ለወይዘሮ ለተብርሃን ነው። አሥመራ በአማርኛ የተማሩ፣ የተናገሩትን የማያለሰልሱ ሴት ነበሩ። «ዛሬውኑ ለካውንስሉ አፕላይ አድርጉ፤ ነገ የሚባል ነገር የለም» አሉና ቅጹን ራሳቸው አስሞሉን። መልሱም መጣ። ሐሙስ አንድ መርማሪ ይመጣል፤ እርጥበቱን በዓይኑ ካረጋገጠ ደረቅ ቤት ይሰጠናል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለውጭ ሰው ማስረዳት አልችልም፤ ለእናንተ ግን ማስረዳት አያስፈልገኝም። እንግዳ ሊመጣ ነው። እናቴ ከቅዳሜ ጠዋት ጀምራ ቤቱን በበረኪና ታጥብ ጀመር። አባቴ የጠቆረውን ግድግዳ ለረጅም ጊዜ ሲያየው ቆየና «እንግዳ እንዲህ ያለ ቤት ይገባል እንዴ?» ብሎ ወጣ፤ በሁለት እጁ የቀለም ቆርቆሮ ተሸክሞ ተመለሰ።

የልጅነቴ ምርጥ ቀናት እነዚያ አምስት ቀናት ነበሩ፤ ይህን መጻፍ ደስ አይለኝም። አባቴ ከሳምራዊት አልጋ በላይ ሙሉ ከተማ ሳለ። በግራ የዴልፍት ቤቶች፣ በቀኝ የመስታወት ፎቆች፣ መሐል ላይ እነዚያ ዘንባላ ቢጫ ቤቶች፤ አሮጌው ጡብ በአዲሱ መስታወት ላይ ይንጸባረቅ ነበር። ካርቶን ሲያሽግ የሻከሩት ጣቶቹ ብሩሽ ሲይዙ የሌላ ሰው ጣቶች ይመስሉ ነበር። ያፏጭ ነበር። እናቴ ሳትስቅ የከረመችውን ሳቅ «ሰማዩን ደግሞ የእንግሊዝ አስመሰልከው!» እያለች ሳቀች። ሳምራዊት በሳል መሐል ለጀልባዎቹ ስም ታወጣ ነበር። የፎቆቹን መስኮቶች በማስመሪያ ያሰመርኩት እኔ ነኝ። ረቡዕ ዕለት ያልተቀባው ግርጌው ብቻ ሲቀር አባቴ ሰማያዊውን ቆርቆሮ ሰጠኝ። ቦዩን እኔ ቀባሁ። ዘጠኙን መስመሮቼን ከነቀናቸው፣ አንድ በአንድ፣ በእጄ ሸፈንኳቸው።

ወይዘሮ ለተብርሃን ብቅ ብለው አዩትና ሁለት እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። «አቶ ተስፋዬ፣ ሰውየው የሚመጣው ውሃውን ሊያይ ነው፤ ቲኬት ቆርጦ የእርስዎን ሥዕል ሊጎበኝ አይደለም።»

«እርስዎ ደግሞ! ገመናችንን ለባዕድ እናሳይ?»

«እንግዲያው የልጅቱን ደረትም ቀለም ይቀቡት» ብለው ወረዱ።

መርማሪው ትሑት ሰው ነበር። ጫማውን ላውልቅ ወይ ብሎ ጠየቀ። እናቴ ሳምቡሳ አቀረበች፤ ለሳምራዊት ማር አቅምሳት «እንግዳው እስኪሄድ ሳልሽን ቻል አድርጊው፣ የኔ ቆንጆ» ብላት ነበር። አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ሰውየው ግድግዳውን ሲያይ ለአፍታ ሥራውን ረሳ። ከዚያ ሁለት መርፌ ያለው የእርጥበት መለኪያ ከቦርሳው አወጣና «ከዚህ ሥር እርጥበት አለ?» አለኝ። ለአባቴ ነገርኩት።

«ትንሽ ነበር፣ አሁን ደኅና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን በይው።»

አባቴ እንዳለው ነገርኩት። ሰውየው መርፌዎቹን ወደ ቦዩ አስጠግቶ ቆመ። «ይህን መብሳት ያሳዝናል» አለና መሣሪያውን መለሰው። ይህንንም ተረጎምኩ። አባቴ በኩራት አንገቱን ዝቅ አደረገ። እናቴ «አንድ ብቻ ነው እኮ የቀመሰው፣ ይጨምር በይው!» ትለኝ ነበር። ሳምራዊት ከአልጋው ጥግ ትንፋሿን ውጣ ተቀምጣለች፤ ከንፈሯ ዙሪያው ገርጥቷል። «ብሳው» ለማለት የሚያስፈልገኝ አንድ ቃል ነበር፤ በሁለት ቋንቋ አውቀው ነበር። አላልኩም። እንግዳውን እስከ በሩ ሸኘነው።

ከካውንስሉ የመጣው ደብዳቤ ግድግዳው ደረቅ መሆኑን ገለጸ፤ ሌላ ቤት አልተሰጠንም። በየካቲት ቦዩ አበጠ። ቀለሙ ከታች ጀምሮ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ፊኛ አወጣ፤ ፊኛው ሲፈነዳ ከኋላው ያለው ሁሉ ጥቁር ነበር። ጥቁረቱ በጡብ ቤቶቹ በኩል ወጥቶ መስታወቶቹ ላይ ሲደርስ ሳምራዊትን በአምቡላንስ ወሰዷት። ከወለሉ ላይ የቀለም ቅርፊት ሳነሳ በጀርባው የእኔን መስመር አየሁት፤ ቀኑ ተገልብጦ ታትሟል።

አልሞተችም። ብትሞት አንባቢ አልቅሶ ይገላገል ነበር። ዛሬ የባቡር ጣቢያ ደረጃ ስትወጣ በየስምንተኛው እርከን ቆማ ስልኳን የምታይ ትመስላለች። ስልኩ ላይ ምንም የለም። መሸፈንን ከእኛ ተምራለች።

እኔ የሥነ ጥበብ ታሪክ መምህር ሆንኩ። ቅርስና ፈጠራ ስለተጋቡባቸው ከተሞች የሚያወሱ ባለቀለም መጻሕፍት ቢሮዬን ሞልተውታል፤ ተማሪዎቼም ሊስሏቸው ይጓዛሉ። የጡብ ቤት በመስታወት ላይ ሲንጸባረቅ ያምራል፤ አልክድም። እኔ ግን ሮተርዳም ስወስዳቸው መጀመሪያ የማቆማቸው ከቁጥር ሰሌዳው ፊት ነው። ያ ውበት የቆመው ውሃውን በየቀኑ በሚያነቡ ሰዎች ላይ ነው፤ ማንበቡ ከቀረ ሥዕሉ ክዳን ነው።

እርሳሱን ባገኘሁ ሳምንት አባቴን ልጠይቅ ሰሜን ለንደን፣ ኤድመንተን ሄድኩ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ይኖራል። በሩን ሲከፍትልኝ የእርጥብ ልስን ሽታ ቀድሞት ወጣ። ከወንበሩ ጀርባ፣ ቀድሞ ባልነበረበት ቦታ፣ ከቀን መቁጠሪያ የተቆረጠ የሮተርዳም ወደብ ፎቶግራፍ ሰቅሏል። እጄን ወደ ፎቶግራፉ ዘረጋሁ።

«ተይው፣ ልጄ። ነገ ከካውንስሉ ሰው ይመጣል።»

ፎቶግራፉን አወረድኩት። ሥሩ ጥቁር ነበር። እርሳሱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠርዙን አሰመርኩ። አባቴ እርሳሱ ላይ የደረቀውን ሰማያዊ ቀለም አየ። ከዚያ እጁን ዘረጋ። እርሳሱን ሰጠሁት። በዚያ በሚያምር የነዳፊ ጽሕፈቱ፣ ቀስ ብሎ፣ ከመስመሩ ከፍ አድርጎ ቀኑን ጻፈ።

ያን ጊዜ እየሳቅን አብረን ሸፈንን፤ አሁን ዝም ብለን አብረን ለካን። ከሁለቱ የትኛው ቤተሰብ እንደሚያሰኝ አላውቅም። የመጨረሻዋን አኃዝ ሲጽፍ ግን የእርሳሱ ጫፍ ልስኑን በስቶ ገባ፤ ከመስመሩ አንድ ስንዝር በላይ፣ ነጭና ደረቅ ከመሰለን ቦታ።