የግራ በሬ በባዛር ሜዳ

ሥራነሽ ከአምበር ወጣ ብሎ ባለ መንደር የምትኖር፣ አንድ በሬ ያላት ሴት ናት። አንድ በሬ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ላላረሰ ሰው አይገለጥምና ከእሱ ልጀምር። ቀንበር የሚሸከሙት ሁለት በሬዎች ናቸው። ስለዚህ አንድ በሬ ያለው ሰው፣ እንደ እሱው አንድ በሬ ያለው ጎረቤት ይፈልግና ይቀናጃል። ዛሬ የአንዱ ማሳ ከታረሰ ነገ የሌላው ይታረሳል። ይህ መቀናጆ ይባላል። በዚያ አገር ከብዙ ትዳር የሚበልጥ ዕድሜ ያለው መቀናጆ አለ።

የሥራነሽ ተቀናጅ እንዳላማው ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ እሱ የሁለቱንም ማሳ ያርሳል፤ እሷ ደግሞ የሁለቱንም በሬዎች ድርቆሽ ታከማቻለች፣ ውኃ ታወርዳቸዋለች፣ ሲያማቸው ታስታምማለች። የእሷ በሬ ወይኖ ይባላል። መልኩ የወይን ጠጅ የመሰለ፣ ሻኛው የተከመረ፣ ሰው ቆሞ የሚያየው በሬ ነው። የእንዳላማው ጠቆር ግን አንድ ቀንዱ የተሰበረ፣ ጎድኑ የሚቆጠር፣ ጉልበቱ ብቻ የሚነገርለት ነው።

ሥራነሽ የጎደላት ላም ነበረች። የነበረቻት ከሞተች ሁለት ክረምት አልፏል። የመናጫው ቅል ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ቀርቷል። በመንደሩ ልማድ ጎረቤት አሬራ የላከበት ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ ሥራነሽም በላኩላት ዕቃ ጎመን ወይም የባቄላ እሸት ሞልታ ትመልሳለች። ጎረቤቶቿ ቅር ብሏቸው አያውቅም። እሷን ግን ነገሩ ያስቃታል፣ ያናድዳታልም። «ዱሮ የኔ ዕቃ ነበር እየዞረ ጎመን ይዞልኝ የሚመጣው» ትላለች።

ታዲያ ባለፈው ዓመት ጥር ላይ፣ ከጥምቀት በኋላ ደብረ ማርቆስ ላይ የግብርናና የዕደ ጥበብ ባዛር እንደሚከፈት፣ የበሬ ውድድርም እንደሚኖር ተነገረ። ሽልማቱ የተዳቀለች፣ ያረገዘች ጊደር ነች። ሥራነሽ ይህን እንደሰማች ቃሏን ሰጠች።

«ያቺ ጊደር የኔ ናት።»

እንዳላማው አጥር ተደግፎ ሳቀ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!»

«በሰማይ ማን አለህ? ደብረ ማርቆስ ናት። መኪና ይሄዳል።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ወይኖ እንደ ሙሽራ ተያዘ። ገላው ታጠበ፣ ሰኮናው ተጠረበ። ቀንዱን በቅቤ ማሸት የተለመደ ነበር፤ ቅቤ ስለሌላት በኑግ ዘይት አሸችው። ጠቆርን ስለ መውሰድ የተነሳ ነገር አልነበረም። ውድድሩ ለአንድ ሰው አንድ በሬ ነው፤ እንዳላማውም «የኔውን አጥንት ማን ያየዋል? ጌጡን ይዘሽ ሂጂ፣ እኔ ጭራውን እይዝልሻለሁ» ብሎ አብሯት ተሳፈረ። ሁለቱም ዕድሜ ልካቸውን ከበሬ ጋር የኖሩ ሰዎች ናቸው። ያም ሆኖ አንድ ነገር ረሱ።

የባዛሩ ሜዳ ማለዳ ላይ ሞልቶ ነበር። በአንድ በኩል የጤፍና የስንዴ ዝርያዎች በየሰፌዱ ተዘርግተዋል፤ በሌላ በኩል ነጭ ማርና ቀይ ማር በብርጭቆ ተደርድሮ ያየው ሁሉ በእንጨት ጫፍ ይቀምሰዋል። ሸማኔዎች መወርወሪያቸውን እያመላለሱ እዚያው ይሠራሉ። ከደምበጫ የመጡ ፈረሶች በቀይ ጥለት አጊጠው ይንጎራደዳሉ። በድምፅ ማጉያው የሚናገረው ሰው ለአፍታም ዝም አይልም። ከሁሉ የበዛ ሰው የተሰለፈው ግን ትራክተር ላይ ወጥቶ ፎቶ ለመነሣት ነበር። እንዳላማውም ተሰልፎ ወጣ። መሪውን ጨብጦ ቁልቁል ሥራነሽን ጠራት።

«እቴ ሥራነሽ! ይኼ ተቀናጅ አይፈልግም አሉ!»

«ድርቆሽም አይበላ። ውረድና ገመዱን ያዝልኝ።»

የበሬዎቹ ሜዳ በገመድ የታጠረ ነበር። የውድድሩ አስተናባሪ ሃኒ የምትባል ወጣት የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ነጭ ጋዋን ለብሳ፣ ሳትሰለች ለእያንዳንዱ ባለበሬ ደንቡን ታስረዳለች። በሬው ሜዳውን መራመድ አለበት፤ ቆሞ ያማረ በሬ ሁሉ ሲሄድ አያምርም። ትከሻው፣ እግሩ፣ ጠባዩ የሚታየው ሲራመድ ነው። ያልተራመደ በሬ አይዳኝም።

የወይኖ ተራ ሲደርስ ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ማማሩን ሁሉም አየው። ሥራነሽ ገመዱን ይዛ ገባች። ወይኖ ጥቂት ሄደና ቀጥ አለ። ጎተተችው፤ እግሩን ተከለ። እንዳላማው ከኋላ ቸብ አደረገው፤ አንገቱን ወደ ቀኝ አዙሮ ባዶውን ሣር ያይ ጀመር።

«ፎቶ አንሡኝ እያለ ነው!» አለ አንዱ ከገመዱ ማዶ።

«ኧረ ሙሽራው ሚዜውን እየጠበቀ ነው!» አለ ሌላው፤ ሜዳው በሳቅ ተሞላ።

ሥራነሽ አልሳቀችም። ወይኖ ወደሚያይበት ወደ ቀኝ አየች። ከዚያ እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«እንዳላማው! ጠቆርን ትተነው መጣን!»

የረሱት ይኼን ነው። ወይፈን ለእርሻ ሲገራ ከለመደ በሬ ጋር ይጠመዳል፤ በግራ የተጠመደ በግራ፣ በቀኝ የተጠመደ በቀኝ ሆኖ ይቀራል። ጎኑን ብትለውጥበት ግራ ይጋባል፤ ቀንበሩን ይጠመዝዛል፣ ትልሙን ያበላሻል። ወይኖ የግራ በሬ ነው። በእርሻም፣ ወደ ውኃም፣ ወደ ግጦሽም በቀኙ ጠቆር ሳይኖር ሄዶ አያውቅም። ይህን ማንም ገበሬ ያውቃል፤ ሥራነሽና እንዳላማው ግን የሚያውቁት ከቀንበሩ ጋር ስለሆነ፣ ቀንበር የሌለበት ቦታ ሲሄዱ ዕውቀቱንም እቤት ትተውት መጡ።

ሃኒ ቀረብ አለች። «እናቴ፣ ተራዎን ወደ መጨረሻው ላዛውርልዎ እችላለሁ። ከዚያ በላይ ግን አልችልም።»

«ይበቃኛል ልጄ» አለች ሥራነሽ፤ እንዴት እንደሚበቃት ግን ገና አላወቀችም። አምበር ሄዶ ጠቆርን ለማምጣት ቀኑ አይበቃም። ወይኖን ይዛ ከሜዳው ዳር ቆመችና ሌሎቹን ታይ ጀመር። አብዛኞቹ ለሥጋ የደለቡ ሰንጋዎች ናቸው፤ ቀንበር ስለማያውቁ በገመድ እየተጎተቱ ዞሩ። ከዚያ ከደብረ ኤልያስ የመጡ አንድ ሽማግሌ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ትልቅ በሬ ይዘው ገቡ። ሽማግሌው ወልደ ሩፋኤል ይባላሉ፤ በሬው ቦራ። ቦራም ቆመ። ሽማግሌው ቢጮኹ፣ ቢለምኑ፣ አልንቀሳቀስ አለ። አንገቱን ግን ወደ ግራ አዞረ።

የሥራነሽ ዓይን በራ። ሽማግሌው አፍረው ሲወጡ ቀድማ ጠበቀቻቸው።

«አያ፣ በሬዎ የቀኝ ነው አይደል?»

«የቀኝ ነው። ምነው?»

«የኔ የግራ ነው።»

ሽማግሌው ወይኖን ከእግር እስከ ቀንድ አዩት። ነገሩ ገብቷቸዋል፤ ግን የሚቸኩሉ ሰው አይደሉም። «አንቺ ተፎካካሪዬ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ። አሁን ግን ሳንፎካከር ሁለታችንም ተሸንፈናል። እንቀናጅ።»

«እንቀናጅ አልሽ? አንቺ በእኔ በሬ ጎን ሄደሽ ጊደሯን ብትወስጂ፣ ወለተ ሰንበት ምን ትለኛለች? ‹ሚዜ ሆነህ ተመለስክ ወይ?› ነው የምትለኝ።» ወለተ ሰንበት ባለቤታቸው ናቸው።

«መቀናጆ ከሆነ ፍሬው የሁለት ነው። ያሸነፈ ጊደሯን ይውሰድ፤ የምትወልደው ጥጃ ጡት ሲጥል የሌላው ይሁን። ወንድም ይሁን ሴት።»

«ሦስተኛ ሰው ቢያሸንፍስ?»

«ያን ጊዜ አብረን እናለቅሳለን።»

ወልደ ሩፋኤል ሳቁ፤ ከሳቁ በኋላ ግን ፊታቸውን ሰብሰብ አድርገው በጊዮርጊስ ማሉ። ሥራነሽም ማለች። እንዳላማው ምስክር ሆኖ «ሰማሁ» አለ፤ «ዓይኔ እያየ በሬሽን ዳርሽው» ብሎም ጨመረ።

ሃኒ ዳኞቹን ጠይቃ መጣች። በሬዎቹ አብረው ይግቡ፤ ነጥቡ ግን ለየብቻቸው ይሰጣል። ቀንበር አይጫንም፤ ሻኛውን ይሸፍናል።

አብሮ ማስገባቱ ግን ከባድ ነበር። የማይተዋወቁ በሬዎች ቀንድ ለቀንድ ይጋጠማሉ፤ የሚያስማማቸው አብሮ መብላት ነው። ሥራነሽ ከመቀነቷ ጨው ፈታችና መዳፏን ዘረጋች። መጀመሪያ ወይኖ ላሰ። ቦራ አፍንጫውን አቀረበ፤ ወይኖ ቀንዱን ዝቅ አደረገ። እንዳላማው ወደ ኋላ ሸሸ። ሥራነሽ ከመካከላቸው አልተነሣችም፤ ሌላውን መዳፏንም በጨው ሞልታ ዘረጋች። ጥቂት ቆይተው የሁለቱም ምላስ አንድ መዳፍ ላይ ሆነ።

በመጨረሻው ተራ ወይኖን በግራ፣ ቦራን በቀኝ አድርገው ገቡ። ሽማግሌውና ሥራነሽ ገመዱን ጥለው ከኋላ ቆሙ። የእርሻ በሬ ከፊት አይጎተትም፤ የሚሄደው ከኋላው በሚሰማው ድምፅ ነው።

«ና ቦራ! ና!» አሉ ወልደ ሩፋኤል።

ቦራ ተንቀሳቀሰ። ወይኖ ግን ድምፁ እንግዳ ስለሆነበት ጆሮውን ብቻ ወደ ኋላ ጣለ።

«ወይኖ! ና እንጂ፣ ና!» አለች ሥራነሽ፣ ውኃ ስታወርደው በምትጠራው ድምፅ።

ሄደ። ሁለቱም ሄዱ። መካከላቸው ቀንበር ባይኖርም የቀንበሩን ቦታ ትተው፣ አንገታቸውን እኩል ዝቅ አድርገው፣ ትከሻቸው አንዴ አንዱ አንዴ ሌላው እየጎላ ሜዳውን ሰነጠቁት። ገመዱ ጋ ሲደርሱ ግን እንደ ሌሎቹ ዳር ዳሩን አልዞሩም። ትልም ጫፍ የደረሱ መስሏቸው ራሳቸው ተገለበጡና በመጡበት አጠገብ ተመለሱ። ከዚያም እንደገና። ዳኞቹ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው።

«ዙሩ ብንላቸው አረሱት!» አለ አንዱ ዳኛ። «የቀራቸው ዘር መዝራት ነው።»

«በግራም በቀኝም አይተናቸዋል» አለች ሃኒ፤ «በዚህ ላይ ሲታጠፉም አየን። ይበቃል።»

ውጤቱ ሲነገር ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላ ነበር። ሦስተኛ ከደምበጫ የመጣ ሰንጋ ሆነ። ሁለተኛ የአምበሩ ወይኖ፤ ሽልማቱ አንድ ኩንታል የከብት መኖ። አንደኛ የደብረ ኤልያሱ ቦራ። ሃኒ ምክንያቱንም ተናገረች፤ ወይኖ በመልክና በሥጋ ይበልጣል፣ ቦራ ግን በእግሩ አጣጣልና በትከሻው በልጧል።

ሥራነሽ ጊደሯ ወደ ቆመችበት ዞረች። ጊደሯን ጠዋት አይታታለች፤ ጥቁርና ነጭ፣ ሆዷ የሰፋ፣ ዓይኗ የረጋ። ከዚያ ሜዳው ላይ የመጀመሪያውን እልልታ ያሰማችው እሷ ነበረች። ሽማግሌውም ዘወር ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁላት።

የጊደሯ መኪና ሲጫን መኖውን ለሁለት አካፍላ ግማሹን ጫነችበት።

«ይኼ ለምንድን ነው?» አሉ ወልደ ሩፋኤል።

«ለጥጃዬ። እናቷ ሆድ ውስጥ እንዳለች ይቀልቡልኝ።»

«ሴት መሆኗን ማን ነገረሽ?»

«እኔ።»

ወደ አምበር ሲመለሱ እንዳላማውን አላስችል አለው። «እቴ፣ ታዲያ ላም አለኝ በሰማይ አልሆነም?»

«በደብረ ኤልያስ ነው ያለችኝ። በዚያ ላይ ቀላቢ ቀጥሬላታለሁ» አለችና የወይኖን አንገት አከከች።

ቅሉንም በማግስቱ ከግድግዳው አወረደችው። አጥባ፣ በወይራ አጥና መልሳ ሰቀለችው። ሰው ሲስቅባት «ላም ስትመጣ ቅል ማጠን አይጀመርም» አለች።

ክረምቱ ሲገባ ወልደ ሩፋኤል ስልክ ደወሉ። ጊደሯ ወልዳለች፤ ሴት ናት። በዚህ ዓመት፣ ባዛሩ እንደገና በሚከፈትበት ሰሞን፣ ጥጃዋ ጡት ጣለች ተባለና ሥራነሽ እንዳላማውን ይዛ ደብረ ኤልያስ ሄደች። ወለተ ሰንበት በር ላይ ተቀብለው አቅፈው ሳሟት፤ እርጎ አቀረቡ። ጥጃዋ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት፣ ደፋር ነገር ናት። ገመድ ሲታሰርባት አንገቷን እየነቀነቀች ታገለች።

እንዳላማው ሊጎትታት ገመዱን ሲይዝ ሥራነሽ እጁን ያዘችው።

«ቆይ። አያ፣ ግጦሽ ስትሄድ ከእናቷ በየት ጎን ነው የምትሄደው?»

ሽማግሌው አሰቡ። ባለቤታቸው ቀደሙ። «በግራ። ሁልጊዜ በግራ ናት።»

ሥራነሽ ከጥጃዋ በስተቀኝ ቆመችና እጇን ጀርባዋ ላይ አሳረፈች። ሁለቱም እኩል ተነሥተው ወደ መንገዱ ወጡ፤ እንዳላማው መጎተት ያላስፈለገውን ገመድ ይዞ ከኋላ ተከተለ።