ኩልፎን ቀድሞ የተሻገረው

ሰውየው ሽማግሌ ሊልክብኝ ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። ከአዲስ አበባ ተመድቦ አርባ ምንጭ የመጣ የቢሮ ኃላፊ ነው፤ መንግሥት ከተለወጠ ገና ጥቂት ዓመታት ስለነበር፣ ከላይ የመጣ ሁሉ ይከበራል። አባቴ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነው፤ ከወንድ ጋር ብቻዬን መታየቴ አይታሰብም። ታላቅ እህቴ አብራን እንድትሆን ተደርጎ ቅዳሜ ጠዋት በደኑ በኩል ወደ ኩልፎ ወንዝ ወጣን።

በልግ መግባቱ ነበር። ደኑ ታጥቦ አረንጓዴው ዓይን ይወጋል። ሾላው ላይ ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። ይህን ለማየት ዝም ማለት ይበቃ ነበር፤ እሱ ግን ዝም አይልም። ነጭ ሸራ ጫማ አድርጎ፣ ጭቃ በነካው ቁጥር በመሀረብ እየጠረገ፣ ስለ ራሱ ያወራል። ጉሬዛውን ጦጣ አለው። ከዚያ እጁን ዘርግቶ፣ "ይኼ አገር ሰው ቢኖርበት ኖሮ የት በደረሰ!" አለ። እኔና እህቴ ተያየን። እኛ እንግዲህ ሰው አይደለንም።

ወንዙ ጎድሎ ነበር። እሱና እኔ ድንጋይ በድንጋይ እየረገጥን መሃል ካለው አሸዋ ላይ ወጣን። እህቴ ግን ዳር ቆማ ወደ ደጋው ታያለች፤ ተራራው ጠቁሯል።

"ላይ እየዘነበ ነው፤ ይመለሱ" አለችው።

"የት ያለ ዝናብ? ፀሐይ እያቃጠለን!" ብሎ ሳቀባት።

ውሃው መጀመሪያ ደፈረሰ። ወዲያው ቅጠልና ግንድ እየገፋ፣ እያጓራ መጣ። እህቴ "ውጡ!" ብላ ጮኸች። እሱ ትከሻዬን እንደ ምርኩዝ ተደግፎ ወደ ድንጋዩ ዘለለ፤ እኔ በጉልበቴ ውሃው ውስጥ ወደቅሁ። ዞሮ እንኳ አላየኝም። ዳር ወጥቶ፣ "ነይ እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?" እያለ ይጮህብኛል። እህቴ እስከ ወገቧ ገብታ ነጠላዋን ወረወረችልኝና ጎትታ አወጣችኝ።

ሁለታችን ቀሚሳችንን እየጨመቅን ስንቀመጥ፣ እሱ ጫማውን አውልቆ ውሃውን ያንጠፈጥፋል።

"ዋናው መረጋጋት ነው" አለን። "እኔ ባልረጋጋ ኖሮ ሦስታችንም አልቀን ነበር።"

አልተናደድኩበትም። ንዴትም ለሚገባው ሰው ነው። ቀጫጭን ቅልጥሞቹን አየሁና፣ የዚህን ሰው ሸሚዝ ዕድሜ ልኬን ላጥብለት ነበር ብዬ ገረመኝ።

ሽማግሌዎቹ መጡ። አባቴ ከእህቴ ሁሉን ሰምቶ ስለነበር አብልቶ አጠጥቶ፣ "ልጅቷ አልፈቀደችም" ብሎ ሸኛቸው። ሰውየው ያልሠለጠኑ ናቸው ብሎ አስወራብን።

በዓመቱ ምዕራብ ዓባያ አንድ ሠርግ ላይ ከጀርባችን ተቀምጦ ሲያወራ ሰማነው። ሁለት ሴቶችን ከጎርፍ እንዴት እንዳወጣ ይተርካል፤ ሰዉም አፉን ከፍቶ ያዳምጠዋል። እህቴ ልትነሳ ስትል ቀሚሷን ያዝኳት።

"ተቀመጪ፤ ወጡ ይቀዘቅዛል" አልኳት።