ኦቦ ገመዳ ያዳኑትና ያላዳኑት

በድሬሰርነት፣ ማለትም በቁስል አጣቢነት፣ የተቀጠርኩት በደርግ ዘመን፣ ከጉደር አለፍ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ ክሊኒክ ነው። በመጀመሪያው ቀን የክሊኒኩ ኃላፊ፣ ጤና ረዳት አቶ ታደሰ፣ የዊትፊልድ ቅባት ቆርቆሮ አስያዙኝና ጭንቅላታቸውን ጭርት የበላቸው ተማሪዎች ፊት አቆሙኝ። «ከዳር ወደ መሃል ቀባ፤ ዳሩን ከተውከው ይሰፋል» አሉኝ። ስቀባ ዋልኩ።

ተማሪዎቹን ያመጣቻቸው መምህርት አስካለ ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ የሁለት ልጆች እናት ናት። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ።

ቅባቱ ቶሎ ቶሎ ያልቅ ነበር። ጥያቄ ጽፈን ልከን ወራት እንጠብቃለን። በዚያ መሃል ኦቦ ገመዳ የሚባሉ የባህል ሐኪም የልጆችን ጭርት በብሳና ዛፍ ፈሳሽ ሲቀቡ አየሁ። ልጆቹን ከሳምንታት በኋላ መረመርኳቸው፤ ድነዋል። ከዚያ ወዲህ ቅባት ሲያልቅብን፣ «ኦቦ ገመዳ ጋ ሂዱ፤ የሳቸው መድኃኒት ከኛ አያንስም» ማለት ጀመርኩ። እትዬ አስካለም ተማሪዎቿን ወሰደችላቸው።

አቶ ታደሰ ሰምተው፣ «አንተ ስትናገር ሰው ክሊኒኩ ተናገረ ነው የሚለው። ተጠንቀቅ» አሉኝ። ቅናት መሰለኝ።

በሦስተኛው ዓመት እትዬ አስካለ ብቻዋን መጣች። ግራ ጡቷ ውስጥ ባቄላ የሚያህል ጠጣር እብጠት ነበር። አቶ ታደሰ ዳስሰው ሪፈር ጻፉላት። አምቦ ያያት ሐኪም ነቀርሳ ሳይሆን እንደማይቀር ነግሯት፣ አዲስ አበባ ሄዳ ቶሎ ኦፕራሲዮን እንድትሆን አዘዘ።

ከወር በኋላ መንገድ ላይ አገኘኋት።

«እትዬ፣ አዲስ አበባስ?»

«አልሄድኩም። ኦቦ ገመዳ እያከሙኝ ነው። ነቀርሳ ማለት ውስጥ የገባ ጭርት ነው አሉኝ። ከላይ ያለውን ያጠፋ መድኃኒት የውስጡንም ያጠፋል።»

«እትዬ፣ ይሄ ሌላ በሽታ ነው!»

«መድኃኒታቸው ከኛ አያንስም ያልከኝ አንተ አይደለህ እንዴ? ተማሪዎቼ ሲድኑ በዓይኔ አይቻለሁ። ደግሞስ ጡቴን ተቆርጬ ክፍል ውስጥ እንዴት እቆማለሁ?»



በማግስቱ ኦቦ ገመዳ ቤት ሄድኩ። «አካም ጅርታ?» ብለው በደስታ ተቀበሉኝ። እንዲተዉአት ለመንኳቸው። «ልጄ፣ ቆዳው መቁሰል ጀምሯል። በሽታው እየወጣ ነው» አሉኝ። አታላይ አልነበሩም፤ የሚሉትን ያምኑት ነበር።

ወራት አለፉ። ቁስሉ ሰፋ፤ በብብቷ ሥር ሌላ እብጠት ወጣ። አቶ ታደሰና እኔ ለምነን አዲስ አበባ ወሰድናት። ዘግይቷል ተብላ የሕመም ማስታገሻ ይዛ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ከሥራ በፊት ቤቷ እየሄድኩ ቁስሏን አጥቤ በፋሻ እሸፍን ነበር። አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። አንዴ ብቻ፣ «ደምሴ፣ ያኔውኑ ብሄድ እድን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አላውቅም እትዬ። ዕድል ግን ነበረሽ» አልኳት።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ፋሻውን አስሬ ወጣሁ። ክረምቱ ሳይገባ አረፈች።

በቀብሯ ዕለት ኦቦ ገመዳ ከሰው ተነጥለው ቆመው አየኋቸው። ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ።

«ጭርቱ ድኖ ይሄ ለምን አልዳነም?» አሉኝ።

«በሽታው አንድ ስላልሆነ ነው። ጭርትን የሚያመጣው ከውጭ የሚይዝ ሻጋታ ነው። ነቀርሳ ግን የገዛ ሥጋችን ነው፣ ያለ ልክ የሚያድገው።»

«ልጆቹን ስትልክልኝ ይሄንን ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አሉና እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

ከዚያ ወዲህ እብጠት ያለበት ሰው ሲመጣባቸው በእጃቸው ሳይነኩ ወደኛ ይልኩት ነበር። ጭርት ሲሆን ግን ራሳቸው ያክሙ ነበር፤ እኔም አልከለከልኳቸውም።

ለወጣት ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው፦ አንድን መድኃኒት ስታመሰግኑ የማያድነውንም አብራችሁ ተናገሩ። እኔ ግማሹን ብቻ ነው የተናገርኩት።