የኡበይዳ እናት ያነበበችው መጽሐፍ

ኡበይዳ ጣሃ ከግንባር አልሸሸም። የጦርነቱን መሪ የሕይወት ታሪክ የጻፈው ደራሲ ፍቅረሰላም ግን ሸሽቷል ብሎ አሳተመ፤ ያውም እውነቱን ከሟቹ እናት አንደበት፣ በገዛ ቤቷ ተቀምጦ፣ ሻይዋን እየጠጣ ከሰማ በኋላ።

እናቲቱ ኡሙሀኒ ትባላለች። ባቲ ተወልዳ፣ ሰመራ ስትቆረቆር ከባሏ ጋር ወርዳ፣ እሱ ከሞተ ወዲህ በዋናው መንገድ ዳር ፉልና ሻይ እየሸጠች አንድ ልጇን አሳደገች። ኡበይዳ የውሃ ቦቴ ይነዳ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ቦቴው ከነሾፌሩ ተወሰደና ከሰርዶ ወዲያ ላለው ሠራዊት ውሃ የሚያመላልሰው እሱ ሆነ። አንድ ቀን መድፍ ሲያጓራ ደንግጦ መኪናውን አዞረ። ጥቂት እንደ ሄደ ግን ቆመ፤ ተመለሰ፤ ለቁስለኞች ውሃ ሲያድል እዚያው ወደቀ።

ይህን ያደረሰላት በቦታው የነበረ ያዮ የሚባል አፋር ግመል ጠባቂ ነው። ያደረሰላትም በዳጉ ሥርዓት ነው። በዳጉ መንገድ ላይ የተገናኙ ሰዎች ቁጭ ብለው ያዩትን የሰሙትን ይለዋወጣሉ፤ የሰማውም ሳይጨምር ሳይቀንስ ለሌላው ያደርሳል። ኡሙሀኒ ወሎዬ ብትሆንም ዕድሜዋን የኖረችው በዚህ ሥርዓት መካከል ነው። ስለዚህ ፍቅረሰላም መቅረጸ ድምፁን ይዞ በመጣ ጊዜ የልጇን ድንጋጤ አልደበቀችም፤ መደበቅ መቀነስ ነውና። እሱም እንደ ማንኛውም ሰሚ የሰማውን እንዳለ ያደርሳል ብላ አመነች።

መጽሐፉ ወጣ፤ እንደ ጡብ የወፈረ ነው። ኡሙሀኒ ገዝታ፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ ቬንትሌተሩ ሥር እየተቀመጠች ልጇን ፍለጋ ከመጀመሪያው ገጽ አንስታ ታነብ ጀመር።

«ይህን መጽሐፍ አገባሽው እንዴ?» አለቻት ጎረቤቷ ባለሱቋ ሰዓዳ። «ወላሂ፣ ባል ቢሆን ይህን ያህል አትታገሺውም ነበር።»

«ተይኝ፣ ገና ጦርነቱ አልደረሰም።»

«ታዲያ ሰውዬው እስካሁን ምን ይሠራል?»

«ጫማ እየለካ ነው። ጠቦታል።»

ሰዓዳ ሳቀች። ኡሙሀኒም ሳቀች። እውነትም መሪው በተማሪነታቸው ጫማ እንዴት እንደ ጠበባቸው ረጅም ትረካ ተሰጥቶታል።

ጦርነቱ ሲደርስ ሳቁ አበቃ። «በዚያ ወሳኝ ቀን ሾፌሩ ኡበይዳ ጣሃ የውሃ ቦቴውን አዙሮ በመሸሹ ሠራዊቱ በውሃ ጥም ተፈታ፤ መሪውም ለማፈግፈግ ተገደዱ። መኪናውን ማዞሩን የገዛ እናቱ አረጋግጠዋል» ይላል። መመለሱ አልተጻፈም። መሞቱም አልተጻፈም። ያን ሁሉ ሰው በአንድ ቦቴ ውሃ ተማምኖ በረሃ ያስገባው ማን እንደ ሆነ መጽሐፉ አይጠይቅም። ለሽንፈቱ ጥፋተኛ ያስፈልግ ነበር፤ መሪው እንዳይሆኑ ሟቹ ሆነ።

«ምን አገኘሽ?» አለች ሰዓዳ ፊቷ ሲለዋወጥ አይታ።

«ልጄን» አለች ኡሙሀኒ።

ያዮ ግመሎቹን ይዞ ወደ ከተማው ዳር በመጣ ጊዜ አነበበችለት።

«እንዲህ ብለሽ ነው የነገርሽው?»

«አንተ እንደ ነገርከኝ፣ ሙሉውን።»

«ታዲያ ግማሹን የት ጣለው?»

እውነቱን ሳትቀንስ ተናግራ በልጇ ላይ በገዛ አፏ ያስፈረደች መሰላት።

ደራሲው አዋሽ ከተማ በአንድ ሆቴል አዳራሽ መጽሐፉን እንደሚያስተዋውቅ ስትሰማ በጠዋት አውቶቡስ ተሳፈረች። የጥያቄ ጊዜ ሲደርስ ተነሥታ ቆመች።

«የኡበይዳ እናት ነኝ። መመለሱን ነግሬህ ነበር።»

«እናቴ፣ ቃሉ የእርስዎ ነው፤ ድምፅዎ እጄ ላይ አለ» አላት ፍቅረሰላም በትሕትና።

«እንግዲያው አሰማቸው! እስከ መጨረሻው አሰማቸው!»

«የመጽሐፉ ትኩረት መሪው ናቸው፤ ሁሉን ማካተት አይቻልም። ለሚቀጥለው ኅትመት እናየዋለን።»

መድረክ መሪው አመሰገናት። አዳራሹ አጨበጨበ፤ ለማን እንደ ሆነ አልገባትም። መጽሐፍ ሊያስፈርሙ የተሰለፉት ሰዎች በአጠገቧ አለፉ፤ ከእነርሱ አንድ እንኳ ስለ ልጇ የጠየቃት አልነበረም።

ሁለተኛው ኅትመት ወጥቶ እየተሸጠ ነው። ሽፋኑ ታድሷል፤ የመሪው ፎቶግራፍም ጎልቷል። ስለ ኡበይዳ የተጻፈው እንዳለ ነው፤ ያረመው የለም።