ለጎረቤቶቼ ያቀድኩት ጉዞ

ልጄ ሥራ አግኝታ ሮተርዳም ከገባች በኋላ ከቀኖች ሁሉ የሚከብደኝ እሑድ ሆነ። በሌላው ቀን ሥራ አለ። አምስተርዳም ኖርድ ውስጥ በሚገኝ የአረጋውያን መኖሪያ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው የምሠራው። ጠዋት አንሶላውን ማሽን ውስጥ እከታለሁ፤ ከቀትር በኋላ የደረቀውን አጣጥፌ ካልሲውን በየባለቤቱ ስም እለያለሁ። ማሽኖቹ ይጮኻሉ፣ ሰው ይገባል ይወጣል፣ ቀኑ ያልቃል። እሑድ ግን ፍሪጁ እንኳ ሲነሳና ሲጠፋ ይሰማኛል።

አንድ ቅዳሜ ለጎረቤቶቼ የመጣ ዕቃ እኔ ዘንድ ተቀምጦ ነበር። ከእኔ በር ሁለት በር አልፎ የሚኖሩ ባልና ሚስት ናቸው። ባልየው ጡረታ የወጡ የትራም ሹፌር፣ ሚስታቸው ልጆች ዋና ሲያስተምሩ የኖሩ። ከሰላምታ በቀር ተነጋግረን አናውቅም። ዕቃውን ሊወስዱ የመጡት ባልየው ነበሩ፤ ተቀብለውኝም አልሄዱም።

"ቡርፍራው" አሉኝ። ሴት ጎረቤት እዚህ እንዲህ ነው የምትጠራው። "አንቺ ከኢትዮጵያ ነሽ አይደል?"

"አዎ።"

"ስምንት ዓመት አንድ ደርብ ላይ ኖረን ዛሬ ገና መጠየቄ አሳፋሪ ነው።"

ከዚያ ጉዳያቸውን ነገሩኝ። ከተጋቡ አርባ ዓመት ሊሞላቸው ነው። በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ረጅም ጉዞ መሄድ ይፈልጋሉ። እሳቸው ተራራ፣ ሚስታቸው ባሕር፣ ሁለቱም ደግሞ የዱር አራዊት ማየት ያምራቸዋል። ባህልም እንዲኖርበት ይፈልጋሉ። ስለ ኢትዮጵያ አንብበው ልባቸው ተነስቷል፤ ግን የሚጠይቁት ሰው የላቸውም።

"ነገ ነይና ካርታው ላይ አሳይን" አሉኝ።

በማግስቱ ዙሁር ሰግጄ፣ ጥሩ ቀሚሴን ለብሼ ሄድኩ። ካርታው ጠረጴዛውን ሙሉ ሸፍኖ፣ ጠርዙ እንዳይጠቀለል በኩባያዎች ተይዟል። ሚስትየዋ የፖም ኬክ ቆርሰው ሰጡኝና አጠገቤ ተቀመጡ። ባልየው እርሳሳቸውን አሹለው ጠየቁኝ።

"ሰሜን ተራራ ይሻላል ወይስ ባሌ?"

እውነቱን ለመናገር ያኔ መቆም ነበረብኝ። እኔ የማውቀው ደሴን ነው፤ ኮምቦልቻን፣ ከአዲስ አበባም የተወሰኑ ሰፈሮችን። ከደሴ አዲስ አበባ በአውቶቡስ የሄድኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ መኪና ስለማይስማማኝ መንገዱን ሁሉ ሎሚ እያሸተትኩ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የጨረስኩት። ጣርማ በር መድረሳችንን ያወቅሁት ጆሮዬ ሲደፈን ነው። እናቴ ስትሞት ለሐዘን ሄጄም ከግቢያችን ሳልወጣ ተመለስኩ። ተራራ ይሉኛል፤ እኔ ከቤታችን ጓሮ ከሚታየው ሌላ ተራራ አላውቅም። ሁለቱ ግን ልክ ሐኪም ውጤት ሲያነብ እንደሚታየው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። እንዲያ ትክ ብሎ ያየኝ ሰው ከጠፋ ቆይቷል።

"ሰሜን" አልኩ።

"መንገዱስ?"

"መንገዱ ጥሩ ነው። ከጎንደር ደባርቅ ድረስ ጥሩ ነው።"

ጻፉት። ስወጣ ሚስትየዋ በሩ ላይ "የሚቀጥለው እሑድም በዚሁ ሰዓት?" አሉኝ። ቤቴ ገብቼ ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ ደስ ብሎኝ ቆምኩ። ወዲያው ደግሞ ፈራሁ።

ቅዳሜ ፖንት በምንላት መሻገሪያ ጀልባ ውሃውን ተሻግሬ መሀል ከተማ ወዳለው ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ስለ ኢትዮጵያ በሆላንድኛ የተጻፈ ወፍራም የጉዞ መጽሐፍ አገኘሁና መስኮት ሥር ተቀመጥኩ። ጭላዳ ዝንጀሮ ሣር እንደሚበላ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ቀይ ቀበሮ ባሌ ባለው የሳነቴ አምባ ላይ አይጥ አድብቶ እንደሚይዝም እንዲሁ። ያገሬን ነገር በባዕድ ቋንቋ፣ ቃል በቃል በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ፤ የሚጠቅመኝን ደግሞ ሥራ ቦታ በተሰጠኝ የፈረቃ ወረቀት ጀርባ ላይ በአማርኛ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ የማጠናበት፣ እሑድ የማስተምርበት ቀን ሆነ።

ያስቸገረን ባሕሩ ነው። ሚስትየዋ "ባሕርስ?" ሲሉ "ባሕር የለንም" አልኩ፤ ፊታቸው ሲጠቁር ጊዜ ደግሞ "ግን ላንጋኖ አለ፤ ሐይቅ ነው፣ ዳርቻው አሸዋ ነው" ብዬ ጨመርኩ።

"ይዋኝበታል?"

"ጠይቄ እነግርዎታለሁ።"

ደሴ ወንድሜ ዘንድ ደወልኩ።

"ላንጋኖ ሰው ይዋኛል?" አልኩት።

 ድምፁ ተለወጠ። "ልትመጪ ነው?"

"አይ፣ እንዲሁ ነው የጠየቅኩት።"

"ንገሪኝ እንጂ! ሆቴል ምን ያደርግልሻል? መኪና እኔ እፈልጋለሁ። ልጆቹም አይተውሽ አያውቁም፣ አብረን እንወርዳለን።" ቀጥሎ ስልኩን አርቆ ለልጆቹ ሲጮህ ሰማሁት፤ "አክስታችሁ ልትመጣ ነው!"

"እኔ አይደለሁም" አልኩት። "ጎረቤቶቼ ናቸው። ፈረንጆች። ለእነሱ ነው የምጠይቀው።"

"እ..." አለ። ከኋላው ልጆቹ የሆነ ነገር ይጠይቁታል፤ አልመለሰላቸውም። "ይዋኛል ይላሉ። ውሃው ቀላ ያለ ነው እንጂ ይዋኛል። አጣርቼ እደውልልሻለሁ።"

እንዳለውም አጣርቶ ደወለ፤ በደንብ አድርጎ፣ የሚያውቀውን ሹፌር ሁሉ ጠይቆ። ስለ ልጆቹ ግን አላነሳም፤ እኔም አላነሳሁም። እሑድ ለሚስትየዋ "ይዋኛል፣ ውሃው ቀላ ያለ ነው" ስላቸው እጃቸውን አጨበጨቡ። ኬኩን ግን ሳልጨርስ ተውኩት።

በጋው ሲጋመስ ዕቅዱ አለቀ። አሥር ቀን ሰሜን፣ ሁለት ቀን ላሊበላ፣ ከዚያ ባሌ፣ መጨረሻ ላንጋኖ። ባልየው እርሳሱን አስቀምጠው "እንግዲህ ይኸው" ሲሉ ልቤ ክፉኛ ደነገጠ። ካለቀማ እሑድ ምን ልሠራ ነው?

"ግን ሐረር ሳይታይ ባህል አየሁ ይባላል?" አልኩ።

እርሳሱን አነሱ። በሚቀጥለው ሳምንት ለጉዞው ነሐሴን ሲመርጡ ዝናብ ነው አልኩ። ወደ ጥር ሲያዞሩት በጥምቀት ጎንደር አልጋ አይገኝም አልኩ። ቀጥሎ የአርባ ምንጭን አዞ አመጣሁ። ያልኩት ሁሉ መጽሐፉ ውስጥ ያለ ነው፤ ውሸቱ ለምን እንደምለው ላይ ነበር። ባልየው እየደለዙ እንደገና ይጽፋሉ፤ ወረቀቱ ከመደለዝ ብዛት ሳሳ። ሚስትየዋ ይስቃሉ። "በዚህ ዓይነት ሃምሳኛውን እናከብራለን!"

በመከር አንድ አነስተኛ የጉዞ ድርጅት ዘ ሄግ ውስጥ ስለ አፍሪካ ጉዞ ገለጻ እንደሚሰጥ ሰሙ። "ነይ፣ አንቺ ከሌለሽማ ምን እንጠይቃለን?" አሉኝ። ሦስታችን በባቡር ሄድን። በየአገሩ ጠረጴዛ ተዘርግቷል። የኢትዮጵያው ጠረጴዛ ላይ ጺሙ ሸበት ያለ ሆላንዳዊ አስጎብኚ ቆሟል።

ባልየው እኔን ወደፊት ገፋ አድርገው "ጎረቤታችን እዚያ ተወልዳ ያደገች ናት፣ እያንዳንዱን ቦታ ታውቀዋለች" አሉት። ድምፃቸው ላይ ኩራት ነበር።

ሰውየው ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ ጀመረ። "እንደምን ዋሉ? እርስዎ ከየት ነዎት?"

እርስዎ አለኝ። ልጄ እንኳ አንቺ ነው የምትለኝ፤ እዚህ ያደገ ልጅ ሌላ አያውቅም። ሥራ ቦታ ያሉት ኢትዮጵያውያንም እኩዮቼ ናቸው። እርስዎ ከተባልኩ ስንት ጊዜዬ ነው?

"ከደሴ" አልኩ።

"ደሴን አውቃታለሁ! ጦሳ ተራራንም ወጥቼዋለሁ። ባሌ ሲሄዱ የት ነው ያረፉት? ዲንሾ ነው ወይስ ጎባ?"

በሆላንድኛ ቢሆን ጎባ እል ነበር። በሆላንድኛ ስዋሽ አፌ እንጂ እኔ የምዋሽ አይመስለኝም። በአማርኛ ግን አልቻልኩም።

"አልሄድኩም" አልኩት። "ሰሜንም አልሄድኩም። ምንም ያየሁት ነገር የለም። ከመጽሐፍ ነው።"

አተኩሮ አየኝ። "እነሱ ያውቃሉ?"

"አያውቁም።"

"ምን አለችህ?" አሉ ባልየው፣ አላስቻላቸውም።

አስጎብኚው ወደ እሳቸው ዞሮ በሆላንድኛ መለሰላቸው። "ባሌ ማታ ማታ በጣም ስለሚበርድ ወፍራም ሹራብ እንድትይዙ ነው የምትለው።"

ባልየው ማስታወሻቸውን አውጥተው ጻፉት። ወፍራም ሹራብ። ከሥሩም "ከጎረቤታችን የተገኘ" ብለው አሰመሩበት። ለሰውየው ውለታ ማመስገን ሲገባኝ ዕንባዬ መጣ።

ቀጥሎ አስጎብኚው ለባልና ሚስቱ የሚያሳዝን ነገር ነገራቸው። በሰሜን ባለው አለመረጋጋት የተነሳ ድርጅቱ ወደዚያ ሰው መላክ አቁሟል፤ እሱም መቼ እንደሚጀምር አያውቅም። የፈለጉትን ሁሉ በአንድ ጉዞ ለማግኘት ከሆነ ታንዛንያ ይሻላቸዋል። ተራራውም፣ አንበሳውም፣ የማሳይ መንደሮችም አሉ፤ መጨረሻ ላይ ዛንዚባር። "የምር ባሕር፣ ሰማያዊ" አላቸው። ሚስትየዋ ቀና ብለው ባላቸውን አዩ። የታንዛንያው ጠረጴዛ አጠገቡ ነበር፤ ሁለቱ ወደዚያ አለፉ። እኔ ካርታችንን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

በመመለሻው ባቡር ላይደን ጣቢያ ሳንደርስ ነገርኳቸው። "ከነገርኳችሁ ቦታዎች አንዱንም አላየሁም" አልኩ። "ቅዳሜ ቅዳሜ ከመጽሐፍ አጥንቼ ነው።"

ባልየው መነጽራቸውን አውልቀው ወለወሉ። "ታዲያ ለምን በየሳምንቱ ትመጪ ነበር?"

"ጋበዛችሁኝ። እሑድ እኔ ቤት ማንም የለም።"

በሆላንድኛ ሲናገሩት አጭር ነው። ፊት ለፊታችን የተቀመጠ ሰውዬ ስልኩ ላይ አቀረቀረ። ሚስትየዋ "እንዲያ ብለሽ በነገርሽን ጥሩ ነበር" አሉ።

"ምን ብዬ?"

"አሁን ያልሽውን።"

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር። በር ላይ ስንለያይ እንደወትሮው ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳምን፤ "የሚቀጥለው እሑድ" ያለ ግን የለም።

ታንዛንያን በሁለት ሳምንት ውስጥ ቆረጡ። የሚጠየቅ ነገር አልነበረም፤ ድርጅቱ ሁሉንም አዘጋጅቶታል። ሦስት እሑድ ጠበቅሁ። በአራተኛው ራሴን አበረታትቼ አንኳኳሁ።

"ካርታ ባይኖርም ልምጣ?" አልኳቸው ሚስትየዋን።

"እንዴታ! እንዴታ!" አሉና የቀጠሮ መያዣ አጀንዳቸውን አመጡ። ገጽ እየገለጡ፣ እዚህ የእህታቸው ልደት፣ እዚህ ክትባት፣ ከዚያ ጉዞው። "ከተመለስን በኋላ ያለው እሑድ? ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ?" አሉኝ። ሰባት ሳምንት ይቀረዋል። ስሜን በጥንቃቄ ጻፉልኝ። ከልባቸው ነው፤ እዚህ አገር ሰው ከወደደሽ አጀንዳው ላይ ነው የሚጽፍሽ። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ተመልሰው ሲመጡ በቀጠሮዬ ቀን ሄድኩ። ፀሐይ አቅልቷቸዋል። ፎቶ አሳዩኝ። አንበሳው ቀኑን ሙሉ ተኝቶ እንደዋለ፣ ባልየው ተራራውን ከእግሩ ሥር አይተው እንደረኩ፣ ሚስትየዋ በየጠዋቱ ከቁርስ በፊት ዋኝተው እንደሚገቡ አወሩልኝ። ደስ አለኝ፤ በእውነት ደስ አለኝ። ከዚያ ባልየው "ከርሞ ኖርዌይ በእግራችን ብንሄድስ እያልን ነው" ብለው፣ ከልምድ ይመስለኛል፣ እርሳሳቸውን ይዘው ወደ እኔ ዞሩ። ወዲያው አስታወሱና ሳቁ። ሦስታችንም ሳቅን።

ስወጣ ገና ብርሃን ነበር። የቤቴ በር ላይ ቁልፉን አወጣሁ፤ ግን መግባት አቃተኝ። ቁልፉን መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ወደ ባቡር ጣቢያው ሄድኩ።

ሮተርዳም የልጄን በር ደወልኩ። ከፍታ ደነገጠች።

"እማ! ምን ሆንሽ? አሞሻል?"

"ምንም አልሆንኩም።"

"ታዲያ ለምን መጣሽ? ሳትደውዪ?"

"ብቻዬን መሆን ከብዶኝ" አልኳት።

እንዲህ ብያት አላውቅም። ገለል ብላ አስገባችኝ። ውስጥ እንግዶች አሏት፤ አራት የሚሆኑ ወጣቶች ምግብ ላይ ናቸው። ወንበር አልበቃ ብሎ ከመኝታ ቤቷ የልብስ መከመሪያ ያደረገችውን ወንበር አምጥታ፣ ልብሱን አልጋ ላይ ጥላ አስቀመጠችኝ። በሆላንድኛ በጣም ፈጥነው ያወራሉ፤ ስለ ሥራ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለማላውቀው ሰው። ከሦስት ቀልድ አንዱ ነው የሚገባኝ። አንዷ ልጅ ድንች አቀበለችኝና "ደክሞዎት ይሆን?" አለችኝ፤ አልደከመኝም አልኳት። በላሁ። ሲነሱ ሰሃኑን አጠብኩ።

ልጄ እስከ ሜትሮው ጣቢያ ሸኘችኝ።  ባቡሩ ሲመጣ "ሌላ ጊዜ ቀደም ብለሽ ንገሪኝ፣ እሺ?" አለችኝ፤ ከዚያ የኮቴን አንገትጌ አስተካክላ ቁልፉን ቆለፈችልኝ። ገብቼ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። እሷ እጇን ኪሷ ከታ፣ ባቡሩ እስኪነሳ ድረስ እዚያው ቆማ ነበር።