ቡሬ ያስተማረቻት ነርስ

ሱሉልታ ውስጥ ኦቦ ገርባ የማይመነዝረው ነገር የለም። የሚመነዝረው ደግሞ ወደ ወተት ነው። ጫማ ገዝቶ ሲመጣ «ሃያ ሊትር ጠጣብኝ» ይላል። ለውሃ ሊከፍል ሄዶ ሲመለስ «አምስት ሊትር ወስደው ጄሪካን ሙሉ አየር ሰጡኝ» ይላል። የሚስቱ ጥሎሽ በሊትር ስንት እንደወጣ ግን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ሰውዬው ቀልደኛ እንጂ ሞኝ አይደለም።

ታዲያ ገርባ ቡሬ የምትባል የፈረንጅ ላም ነበረችው። ጥቁርና ነጭ፣ ሆዷ እንደ በርሜል፣ በቀን አሥራ ስድስት ሊትር። ድንቅቱ የምትባል ልጅም ነበረችው። ድንቅቱ አሥራ ሁለተኛን ስትጨርስ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በትንሽ ነጥብ አመለጣት። የግል ኮሌጅ ግን አላመለጣትም፤ የግል ኮሌጅ ገንዘብ ይዞ የመጣን አያመልጥም። ነርስ ልሁን አለች። በዲግሪ፣ አራት ዓመት፣ ቡራዩ።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ? አጥር ለአጥር ጎረቤት የሆነው ወንዳፍራሽ የከብት መኖ ነጋዴ ነው፣ ብር አለው። ከሰሜን መጥቶ እዚያው የቆየ፣ ጾም የማይገድፍ ሰው ነው። ገርባ ዘጠና ሺህ አበድረኝ ቢለው፣ «አበድርሃለሁ፤ ወለድ ግን አልበላም፣ ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም» አለ። እውነቱን ነው፣ አልበላም። ጠጣው።

ውሉ ወለድ አገድ የሚሉት ነው። ዘጠና ሺው ለገርባ፣ ቡሬ ለወንዳፍራሽ። ብሩ እስኪመለስ ወንዳፍራሽ እያበላ ያልባታል፣ ጥጃዋም የእሱ ነው። ብሩ በተመለሰ ቀን ላሚቱ ትመለሳለች። ዕዳው በየዓመቱ ያው ዘጠና ሺህ ነው፤ አያድግም፣ አያንስም። የሚያረጀው ላሚቱና ገርባ ብቻ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ወንዳፍራሽ ጠዋት ጠዋት ባልዲውን እንደያዘ በአጥር ላይ ብቅ ብሎ በኦሮምኛ እንዴት አደርክ ይላል።

«ኦቦ ገርባ! አካም ቡልቴ?»

«ኤዬ፣ ነጋ።»

«ዛሬ አሥራ ሰባት ሰጠችህ!»

«ሰጠችኝ በል እንጂ፣ ምን ሰጠችህ ትለኛለህ? እኔማ ምን ደረሰኝ?»

«ላሟ ያንተ አይደለች እንዴ?» ብሎ ወንዳፍራሽ ይገባል። አራት ዓመት ሙሉ ይቺ ቀልድ አልሰለቸችውም።

ድንቅቱ ተመረቀች። ከነጭ ቀሚስ በላይ ጥቁር ጋዋን ለብሳ የተነሳችው ፎቶ ግድግዳ ላይ ወጣ። ገርባ ፎቶውን ቆሞ አየና «ቡሬም ጥቁርና ነጭ ናት» አለ። ከዚያ የመውጫ ፈተና የሚባል መጣ፣ ድንቅቱ አለፈች። የሙያ ፈቃድ ፈተና የሚባል መጣ፣ እሱንም አለፈች። ከዚያ መምጣት የቀረው ሥራ ብቻ ነበር። እሱ አልመጣም። አንድ ሰበታ ያለ ክሊኒክ «በነጻ እያገለገልሽ ልምድ ያዢ» አላትና ከሱሉልታ ሰበታ በታክሲ እየተመላለሰች ዓመት ሊሞላት ምንም አልቀራትም። የታክሲውን የሚከፍለው ገርባ ነው።

«በነጻ?» አለ ገርባ። «ቡሬ እንኳ ካልበላች አትታለብም።»

በመጨረሻ ቡራዩ ውስጥ አንድ የግል ክሊኒክ ቀጠራት። ደመወዟ ስምንት ሺህ። በስልክ ስትነግረው ደስታዋ ከድምፅዋ ይፈስሳል።

«ጎሽ ልጄ፣ ኢንተላ ኮ!» አላትና ትንሽ ዝም አለ። ዝም ሲል እየመነዘረ እንደሆነ ታውቃለች።

«በል ተናገረው አባዬ።»

«መቶ ሃያ ሊትር ገደማ ነሽ።»

«በቀን?»

«በወር። ቡሬ በስምንት ቀን ታወጣዋለች። ለዚያውም ቡሬ ቤት አትከራይ፣ ካርድ አትሞላ።»

«ቡሬ ሌሊት ተረኛ ገብታ ታውቃለች?»

«ሌሊትም ላም ናት» አለ ገርባ።

ሁዳዴ ሲገባ ግን ነገሩ ተገለበጠ። በጾም ወተት ጠጪ የለውም፣ ዋጋው ይወድቃል። ገርባ ደውሎ፣ «እንኳን ደስ ያለሽ! ደመወዝሽ ጨመረ፣ መቶ ስልሳ ሊትር ገባሽ» አላት።

«ማን ጨመረው?»

«ሁዳዴ።»

ድንቅቱ ሳቀች። ስልኩን ስትዘጋ ግን አልሳቀችም። የምትኖረው አንዲት ክፍል ውስጥ ከሦስት ሴቶች ጋር ነው፤ አንዷ ካልዞረች ሌላዋ መዞር አትችልም። ከስምንት ሺው ሦስቱ ለኪራይና ለአስቤዛ ይሄዳል፣ ሦስቱን ከገበያ ሴቶች ጋር ዕቁብ ትጥላለች፣ የቀረውን ታክሲና ሽሮ ይከፋፈሉታል። ዕቁቡ የሠላሳ ሰው ነው፣ ሲወጣ ዘጠና ሺህ። ያንን ቁጥር መርጣ ነው የገባችው። አባቷ በሊትር ሲቆጥራት ቀልድ ነው ብላ ታልፋለች፤ አንድ ቀን ግን የላሚቱን ገመድ በእጇ ይዛ በሩ ላይ ቆማ «እንካ፣ ቁጠር» ልትለው ትፈልጋለች።

በሚቀጥለው ሁዳዴ ወንዳፍራሽ በአጥር ላይ ብቅ ማለት ተወ። ገርባ መጀመሪያ ታሞ ነው ብሎ አሰበ። ኋላ ራሱ ጠራው።

«ወንዳፍራሽ! ዛሬ ስንት ሰጠች?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ወንዳፍራሽ ከውስጥ።

ገርባ ዕድሜውን ሙሉ ወተት ሲለካ እንዲህ ያለ መስፈሪያ ሰምቶ አያውቅም። ዞሮ ሄዶ አያት። ቡሬ ነጥፋለች። የከብት አዳቃዩ ሦስት ጊዜ መጥቶ ነበር፣ ፅንስ አልያዘላትም። ጎኗ ገብቷል፣ ወንዳፍራሽም ፉሩሽካውን ቀንሶ ገለባ ብቻ ያሳያታል።

«ኦቦ ገርባ፣ እንግዲህ እኔ ጡረተኛ አልቀልብም» አለ ወንዳፍራሽ። «እስከ ፋሲካ ብሬን አምጣና ውሰዳት። አለዚያ የሰበታው ባለ ልኳንዳ ዘርሁን ይወስዳታል። አንድ መቶ አርባ ሺህ ብሏታል።»

«ስድስት ዓመት ስትጠጣት ጡረተኛ መሆኗን አላየህም?»

«ጾም ነው፣ አታናግረኝ» አለው።

ገርባ ያን ማታ ኪሱ ውስጥ ጨው ይዞ በአጥሩ ቀዳዳ እጁን አሾለከ። ቡሬ መጥታ ላሰችው። ለማንም አልተናገረም፣ በማግስቱም ደገመ። በሦስተኛው ቀን ወደ ቡራዩ ደወለ።

«ቡሬ ታማለች፣ ነይና እያት።»

«አባዬ፣ እኔ የሰው ነርስ ነኝ!»

«ያስተማረችሽ እኮ እሷ ናት። ሰው አስተማሪው ሲታመም አይጠይቅም?»

ድንቅቱ መሳቅ ፈልጋ አቃታት፤ የአባቷ ድምፅ እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም። ጠይቃም የወንዳፍራሽን ቀጠሮና የልኳንዳውን ነገር አወጣችው። ዕቁቡ ገና አልወጣላትም። ዕጣ የደረሳትን ቅመም ነጋዴ ለምና፣ ተራ ተቀያይራ፣ ሁለት ሺህ ብር ጉርሻ ጨምራ ወሰደችው። ከሆሳዕና ማግስት ዘጠና ሺውን በጡቷ ስር ይዛ ሱሉልታ ገባች።

ስትደርስ፣ ፋሲካን መጠበቅ ያልቻለው የዘርሁን አይሱዙ ወንዳፍራሽ በር ላይ ቆሟል። ዘርሁን ራሱ ግቢው ውስጥ የቡሬን ጎድን በጣቱ እየወጋ ነው። ገርባ ደግሞ በአይሱዙውና በላሚቱ መሃል ቆሟል።

ድንቅቱ ብሩን አውጥታ ለወንዳፍራሽ ሰጠችው። ወንዳፍራሽ ምራቁን ጣቱ ላይ እየቀባ ቆጠረ። ትከሻው ወረደ። መቶ አርባ ሺው አመለጠው፤ ውል ግን ውል ነው። «በሉ፣ ላማችሁ» አለ።

ዘርሁን ፈጣን ሰው ነው፣ ወዲያው ወደ ድንቅቱ ዞረ። «እህቴ፣ እንግዲያው ካንቺ ልግዛ። መቶ አርባ፣ አሁን፣ በእጅ።»

ድንቅቱ አባቷን ጥግ ወሰደችው። «አባዬ፣ እስቲ አስበው። ዘጠና ከፍለናል፣ ሃምሳ ሺህ ይተርፋል። ከዚያች ክፍል እወጣለሁ። ላንተም ጊደር እንጀምራለን። ይቺ እኮ አሁን ምንም አትሰጥም፣ ትበላለች እንጂ። አንተ ራስህ አይደለህ ሁሉን በሊትር የምትቆጥረው? ቁጠራት እስቲ።»

ገርባ እንደ ልማዱ ዝም አለ። ድንቅቱ እየመነዘረ ነው ብላ ጠበቀች።

«አንቺ ተመርቀሽ ዓመት ሙሉ ሥራ አልነበረሽም» አለ። «አንድ ሊትር አልሰጠሽም። ለታክሲ ትወስጂ ነበር፣ ትበዪ ነበር።»

«እሺ?»

«ልኳንዳ ጠራሁብሽ?»

ዘርሁን ከወዲያ «ምን ተባለ?» ይላል። ወንዳፍራሽ ሰማይ ሰማይ ያያል።

«አባዬ፣ እኔን ከላም ጋር ታወዳድረኛለህ?»

«ስድስት ዓመት ሙሉ ሳወዳድርሽ የት ነበርሽ?»

ድንቅቱ ሄዳ ገመዱን ከወንዳፍራሽ እጅ ተቀበለች። ለዘርሁን «አትሸጥም» አለችው። ዘርሁን እያጉረመረመ አይሱዙውን አስነሳ፤ የነዳጁን ክፈሉኝ ሲል ግን አባትና ልጅ አልሰሙትም። ድንቅቱ ቡሬን እየጎተተች የገዛ በራቸው ላይ ደረሰች። ስድስት ዓመት ያሰበችው ነገር ነበር፣ በአሳቧ ውስጥ ግን ላሚቱ ትታለብ ነበር።

«እንካ» አለችው ገመዱን። «ቁጠር።»

ገርባ ገመዱን ወሰደ፣ አልቆጠረም።

ድንቅቱ ያንኑ ቀን ማታ ቡራዩ ተመለሰች፣ ከሦስቱ ሴቶች ጋር። የቀረውን ዕቁብ ገና ስትጥል ትኖራለች። በወሩ መጨረሻ ደግሞ ለፉሩሽካ ብላ ሺህ ብር ላከች። ገርባ ደውሎ፣ «ደመወዝሽ ዛሬ በእስር ድርቆሽ ስንት እንደሆነ ልንገርሽ?» ሲላት ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት። መልሳ ግን ደወለች፣ ስንት እንደሆነ ለማወቅ።

ጠዋት ጠዋት አሁን በአጥሩ ላይ ብቅ የሚለው ገርባ ነው። ወንዳፍራሽ ቀድሞ ይጠይቀዋል።

«ኦቦ ገርባ፣ ዛሬ ስንት ሰጠችህ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን!» ይላል ገርባ፣ ባዶውን ባልዲ ከፍ አድርጎ እያሳየው።