ያልፈተሽኩት ቦርሳ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ሠላሳ ዓመት አብራኝ የኖረችው ሚስቴ አታውቀውም። ልጆቼም አያውቁትም። ለቄሳችን ስንት ነገር ተናዝዣለሁ መሰላችሁ! መቆጣቴን፣ ሰው ማማቴን፣ ሰንበት መሻሬን አንድ ባንድ እዘረዝርና ይህን አንዱን ዘልዬ፣ እግዚአብሔር ይፍታህ ተብዬ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። እንግዲህ ቄሴ እናንተ የምታነቡ ናችሁ። ስሙኝ፤ ግን አትዘኑልኝ።

ስሜ ተገኘ ነው። ከጎንደር ገጠር ወደ እስራኤል ከመጣሁ ጀምሮ የምኖረው ቂርያት ማላኪ ነው። ከገዴራ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ኮሌጅ በር ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሾሜር ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ጥበቃ ማለት ነው። ሥራዬ አንድ ነገር ነበር፤ ቦርሳ መክፈት። የሚገባው ሁሉ ቦርሳውን ጠረጴዛ ላይ ያኖራል፣ እከፍታለሁ፣ እጄን ሰድጄ አያለሁ፣ ቤሰደር፣ እሺ፣ እለፍ እላለሁ። ፕሮፌሰርም ይሁን፣ እርጉዝም ትሁን፣ በቀን አራት ጊዜ የሚወጣ የሚገባ አስተማሪም ይሁን፣ ሳልፈትሽ ያሳለፍኩት ሰው አልነበረም። ተማሪዎቹ ደረቅ ይሉኝ ነበር፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

ከሥራ ስወጣ ግን ሌላ ሰው ነበርኩ። ሽማግሌ ነኝ። ባልና ሚስት ሲጣሉ ተገኘን ጥሩት ይባላል። ከአሽዶድ፣ ከጋን ያቭነ ሳይቀር በመኪና መጥተው ይወስዱኝ ነበር። እኔ ከገባሁበት ሳይታረቅ የወጣ የለም ይባልልኝ ነበር። ይህን ስሰማ ሆዴ በኩራት ይሞላ ነበር። አዎ፣ ኩራት ነበር። ሌላ ስም አልሰጠውም።

ማሩ የእህቴ ልጅ ነው። አስቴርን ሲያገባ ወላጆቿን ሄጄ የጠየቅሁ እኔ ነኝ። አስቴር የያቭነዋ የወይዘሮ ያለምወርቅ ልጅ ናት፤ እዚሁ አገር የተወለደች፣ ሳቂታ፣ አማርኛዋን ከዕብራይስጥ ጋር እየቀላቀለች የምታወራ ልጅ። ከሠርጉ ዓመት ሳይሞላ ማሩ ይመታት ጀመር። ወጣች፤ አስታረቅኋት። ደግሞ ወጣች፤ ደግሞ አስታረቅኋት። ሦስተኛ ጊዜ ዓይኗ አብጦ እናቷ ቤት አገኘኋት፤ እሱን እስኪያለቅስ ድረስ ተቆጣሁት፣ ጉልበቷን ስሞ ይቅርታ ጠየቀ፣ ተመለሰች። ሦስቱንም ጊዜ ያስታረቅሁ እኔ ነኝ። አራተኛው ላይ ለማንም ሳትናገር ልብሷን ይዛ ያቭነ እናቷ ዘንድ ገባች፤ ነርስ ልሁን ብላም ትምህርት ጀመረች። የት? እኔ በር የምጠብቅበት ኮሌጅ።

በፈረንጆች 2017 ከፋሲካ በፊት አንድ ጠዋት በሩ ላይ መጣች። ፖሊስ የሰጣትን ወረቀትና የማሩን ፎቶ ይዛለች። ይህ ሰው እንዳይገባ አለች። አብሮኝ የሚሠራው አሌክስ፣ ከሩሲያ የመጣ ስልሳ ዓመት የሆነው ገዴራ የሚኖር ሰውዬ፣ ፎቶውን ተቀብሎ በጥበቃ ክፍላችን መስታወት ላይ ለጠፈው። እኔ ግን ወደ ጎን ወሰድኳት።

«ልጄ፣ በፎቶ ነው እንዴ ባልን የሚሸሹት? እኔ እያለሁ ፖሊስ ምን ሊሠራ ገባ?»

ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ የደከማት ነው የምትመስለው።

«ጋሼ፣ ዳይ፣ በቃ። ሦስቴ አስታረቃችሁኝ። አራተኛውን አልፈልግም። በሩን ብቻ ዝጉልኝ።»

በሩን ብቻ ዝጉልኝ ነው ያለችኝ። ሌላ የጠየቀችኝ ነገር የለም። ቤሰደር ልጄ አልኳት። አስቴር አመነችኝ፤ አመስግናኝ ወደ ክፍሏ ገባች።

እኔ ምን አደረግሁ? አኮረፍኩ። በሃያ ዓመት ሽምግልናዬ ሽማግሌ አልፈልግም ያለኝ እሷ የመጀመሪያዋ ናት። እቤቴ ተቀምጬ ሳብሰለስል ሰነበትኩ። ማሩም በየቀኑ ይደውላል። አጎቴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ላግኛት፣ እግሯ ላይ ልውደቅ፣ ከዚያ እምቢ ካለች እተዋለሁ ይላል። ያለቅሳል። ለእሷ ሳልነግር፣ ለእናቷ ሳልነግር፣ ቀኑን የቀጠርኩ እኔ ነኝ። ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ነፃ ሰዓት እንዳላት፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን ያለው አግዳሚ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ እንደምታነብ የነገርኩት እኔ ነኝ። ነጭ ሸሚዝ ልበስ ብዬ የመከርኩትም እኔ ነኝ።

ማክሰኞ ማሩ ሲመጣ ከሩቅ አየሁት። አሌክስን ሂድ፣ ሲጋራህን አጭስ፣ እኔ አለሁ አልኩት። ማሩ ጠረጴዛው ጋ ደረሰ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ጥቁር ቦርሳ በጀርባው አንግቷል። ቦርሳውን አወለቀና ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ጠረጴዛው ላይ አኖረው። እጁን ዚፑ ላይ አድርጎ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

ቦርሳውን መልሼ ገፋሁለት።

ለዕርቅ የመጣ ሰው አይፈተሽም። በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ይቅርታ ሊጠይቅ የመጣን ሰው እጅ እጁን ማየት፣ ሌባ ነህ ማለት ነው፤ ዕርቁን ከጅምሩ ማበላሸት ነው። አባቴም እንዲህ ሲያደርግ ነው ያየሁት። አሥራ አንድ ዓመት የሰውን ሁሉ ቦርሳ ስበረብር ኖሬ፣ አንዱን ብቻ በክብር አሳለፍኩ። ግባ ልጄ፣ ተከትዬህ እመጣለሁ አልኩት። ትከሻውንም መታ አደረግሁት።

እስከ ዛሬ የምጠይቀው ይህን ነው። ቦርሳውን ለምን ጠረጴዛው ላይ አኖረ? የእህቴ ልጅ ነው፣ ዝም ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። እንድከፍተው ፈልጎ ነበር? ያዘኝ ማለቱ ነበር? ወይስ ልማድ ነው? አላውቅም። ግን ዚፑን ብስበው ኖሮ ቢላውን አገኘው ነበር፤ ይህን አውቃለሁ።

አሌክስ ተመለሰ። የምሳ ሰዓት ስለነበር ተማሪው በሩን አጨናንቆት ነበር። ደርሼ ልምጣ ብዬው ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መራመድ ጀመርኩ። መሐል መንገድ ላይ ጩኸት ሰማሁ። ስደርስ አስቴር መሬት ላይ ናት፤ ደብተሮቿ ተበትነዋል። ማሩ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ እጆቹን ያያል። ሁለት ተማሪዎች ደሟን ለማቆም ይታገላሉ። እኔ ቆሜ አየሁ። ስሟን እንኳ አልጠራሁም።

ፖሊሶቹ ማን አስገባው ብለው ጠየቁን። ካሜራው የመኪናውን መንገድ እንጂ የእግረኛውን በር አያይም ነበር። እኔ ባለሁበት አልገባም አልኩ። ይህን ያልኩ እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም። አሌክስ ሲጠየቅ፣ ብዙ ሰው ነበር፣ እየተቻኮልኩ ነበር የምፈትሸው፣ ፊቱን አላስታውስም አለ። እውነቱን ነው፤ ያላየውን እንዴት ያስታውስ? ግን እየተመላለሱ ሲጠይቁት መጠራጠር ጀመረ። ከሳምንት በኋላ፣ ምናልባት በእኔ በኩል አልፎ ይሆናል አለ። ከወር በኋላ ምናልባት ማለቱን ተወ። ሰውየው ያልሠራውን ነገር ዓይኔ እያየ አመነ። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ነበር፣ አሁን ትዝ አለኝ ይለኝ ነበር። ፎቶውን መስታወቱ ላይ በእጄ ለጥፌ እንዴት ሳላየው እያለ ያለቅስ ነበር። ከሥራ አባረሩት። እኔን ግን አይዞህ፣ ዘመድህ ናት አሉኝ፤ የአንድ ሳምንት ዕረፍትም ሰጡኝ።

መርዶውንስ ለእናቷ ማን ነገረ መሰላችሁ? ያለምወርቅ ያቭነ ባለ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ ታሽግ ነበር። በስልክ አይነገርም፣ ሥራ ቦታ አይነገርም፣ ሽማግሌ ይንገራት ተባለ። ሌላ ሽማግሌ ጠፍቶ ነው? ተገኘ ይሁን አሉ፤ እሺ አልኩ። ጎረቤት ቤት ተሰብስበን፣ ከአውቶቡስ ወርዳ እስክትመጣ በመስኮት አየናት። የቤቷን በር ስትከፍት ተከትለናት ደረስን፤ ስታየን የያዘችው ዳቦ ከእጇ ወደቀ። ጋሼ ተገኘ፣ ማን ነው? አለችኝ። ነገርኳት። እኔን ነው ይዛ ያለቀሰች፣ በእኔ ትከሻ ላይ። እኔም አለቀስኩ፤ እውነተኛ ልቅሶ ነበር፤ ይህ ነው ደግሞ የሚያስጠላኝ።

ማሩ ፍርድ ቤት ቀርቦ እንዴት ገባህ ተባለ። ዞሮ እኔን አየ። በበሩ ገባሁ አለና ዝም አለ። እስር ቤት ሆኖ እስከ ዛሬ ስሜን አልጠራም። የእሱ ዝምታ ውስጥ ተደብቄ እኖራለሁ። ነፍሰ ገዳይ ለእኔ ክብር ሲጠነቀቅ፣ ምን ዓይነት ክብር ነው ይሄ?

አስቴር ከሞተች ዓመት ሊሞላት ሲል አሌክስ ደወለልኝ። ድምፁን ስሰማ አወቀ አልኩ። ሰውየው ለካ ሌላ ነገር ነው የሚፈልገው። በሥራ ላይ ሳለን፣ በእኛ አገር በዳይ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ሽማግሌ አስቀድሞ ይቅርታ እንደሚጠይቅ አጫውቼው ነበር። እንቅልፍ አጣሁ፣ ወደ እናትየዋ ውሰደኝ፣ ሽማግሌዬ ሁን አለኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ከዚያም በላይ እውነቱን መንገር ነበረብኝ። እኔ ምን አልኩ? ቤሰደር አልኩ።

ያለምወርቅ ሦስተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው፤ አሳንሰር የለውም። አሌክስ ከግቢው ያነሳውን ድንጋይ በሱፐርማርኬት ከረጢት ይዞ፣ እያለከለከ ወጣ። በሩ ላይ አውጥቶ አንገቱ ላይ አኖረና አጎነበሰ። ያ ግዙፍ ሰው፣ ነጭ ፀጉሩ ታች ወርዶ፣ ወለሉን ብቻ ያያል። ያለምወርቅ ደነገጠች። እኔ እየተረጎምኩ ነገርኳት፤ ልጅሽን የገደለውን ያሳለፍኩ እኔ ነኝ ይላል አልኳት። የራሴን ቃል በሌላ ሰው ስም አስገብቼ ተናገርኩት። ድምፄ እንኳ አልተሰበረም።

ድንጋዩን አይታ ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ እንዲህ አለች፦

«አንድ ነገር ብቻ ጠይቅልኝ። ቦርሳውን ከፍቶ አይቶለት ነበር ወይ?»

ጠየቅሁት። አሌክስ ቀና ሳይል መለሰ፤ ፊቱን አላስታውስም፣ ግን እኔ ቦርሳ ሳልከፍት ማንንም አሳልፌ አላውቅም፣ አንድም ቀን፣ ይህን ንገርልኝ አለ። የያለምወርቅ ዕብራይስጥ የፋብሪካ ነው፤ እሱም አፉ ውስጥ እያጉረመረመ፣ በሩሲያ ለዛው ነው የተናገረው። አልገባትም። እኔን አየችኝ። እውነቱ በሰውየው አፍ ወጥቶ በመካከላችን ቆሟል። እንዳለ ባስተላልፈው ኖሮ፣ ታዲያ ሳይፈተሽ ያለፈው በማን በኩል ነው ብላ ትጠይቅ ነበር።

«አልከፈትኩም ይላል» አልኳት።

በሩ ላይ የሠራሁትን አለማወቅ ልትሉልኝ ትችሉ ይሆናል። ይህኛውንስ ምን ትሉታላችሁ? ይህን አውቄ፣ ዓይኗን እያየሁ፣ በገዛ አፌ አደረግሁት።

ያለምወርቅ ጠጋ አለች። ድንጋዩን በሁለት እጇ ከአንገቱ አነሣችው፤ ከበዳት። ሰውየውንም ደግፋ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ለጋሼ ተገኘ ስል ምሬሃለሁ በለው አለችኝ። ነገርኩት። ሰውየው እጇን ይዞ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። እሷም አለቀሰች። እኔን ደግሞ መረቀችኝ፤ ዕድሜህን ያርዝመው፣ ከቤቴ ቂም አወጣህልኝ አለች።

ያቺ ሴት ለልጇ ሞት የነበራትን ምሕረት በዚያ ቀን ሰጠች፤ ለማይመለከተው ሰው፣ በእኔ አፍ። ይቅርታው የእኔ ነበር፤ ልጠይቀው ስፈራ ለንጹሕ ሰው አስጨበጥኩት። አሁን ብሄድ ከምኗ ትሰጠኛለች? አሌክስንስ ምን ብዬ ልጠይቀው?

ለዕርቅ ብዬ ነው አልልም። ባህላችን ነው አልልም፤ ባህሉ ዋሽ አላለኝም። አላወቅሁም አልልም፤ ልጅቷ በአፏ ነግራኛለች። እናንተንም ማሩኝ አልላችሁም፤ ምሕረቱ የእናንተ አይደለም። የምሕረቱ ባለቤት ያቭነ ናት፤ ከእኔ ቤት በአውቶቡስ አንድ ሰዓት አይሞላም። አልሄድኩም። ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ፤ የጎረቤቴ ልጅ ከባሏ ተጣልታ እኔ ቤት ገብታለች፣ ጋሼ፣ መጥተህ አስታርቅልኝ አለችኝ። ልጅቷን ወደዚያ ሰው እንዳትመልሷት፣ ፖሊስ ጋ ውሰዷት አልኳት። እንዴ፣ አንተ እያለህ? አለችኝ። ለምን እንደሆነ ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ ጉንፋን ይዞኛል ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።